ሳንባ ላይ የታየች ነጭ ጠብታ፦ ካንሰር ናት ወይስ የድሮ ጠባሳ? ራጅና ሲቲ ስካን ደረጃ በደረጃ ማንበቢያ

«ሳንባው ላይ ኖዱል ታይቷል» የምትል አንዲት መስመር ሰውን ሁለት ተቃራኒ ቦታ ትጥላለች። አንዱ ቤተሰብ «በቃ ካንሰር ነው» ብሎ በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ይሮጣል። ሌላው «ቲቢ ናት» ተብሎ መድኃኒት ይጀመርለታል፤ ስድስት ወር ሙሉ ማንም ዳግመኛ ራጅ አያነሳውም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በከንቱ የደነገጠ ነው። ሁለተኛው ግን አንዳንዴ መታከሚያ ጊዜው ያመለጠው ሰው ነው።

ይህ መመሪያ ጅማና ዙሪያዋ ላላችሁ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ኢንተርኖች፣ ጤና መኮንኖችና የራጅ ባለሙያዎች ነው። አጋሮ፣ በደሌ፣ ቦንጋ ወይም ሚዛን ቁጭ ብሎ ራጅ የሚያይና «ይህን ሰው ወደ ጅማ ልላከው ወይስ ይቆይ?» ብሎ የሚያስብ ሰው ይጠቀምበታል። ፊልሙን በፌስታል ይዞ የሚዞረው የታካሚው ልጅም ቢያነበው አይከፋም።

ከመጀመራችን በፊት ልክ እንያዝ። ኖዱል የምንለው ሳንባ ውስጥ ያለ፣ ክብ ወይም ወደ ክብ የሚጠጋ፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነገር ነው። ከዚያ ከበለጠ «ማስ» ይባላል። ማስ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ቶሎ ወደ ናሙና ይሄዳል፤ እዚህ አናነሳውም።

ሌላም ነገር። ምስል ብቻውን «ካንሰር ነው» ብሎ አይፈርምም። ሥራው ኖዱሎችን ሦስት ቦታ መመደብ ነው፦ የሚተው፣ የሚጠበቅ፣ ናሙና የሚወሰድለት። ለዚህ ደግሞ ከምርጥ ማሽን ይልቅ የቆየ ፊልም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ወደዚያ እንመጣለን።

1. ከፊልሙ በፊት ሰውየውን ጠይቁ

አንድ ዓይነት ጠብታ በ25 ዓመት ወጣትና በ65 ዓመት አጫሽ ላይ አንድ ትርጉም የላትም። ስለዚህ ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ከዚህ በፊት የታመመው ካንሰር፣ የታከመው ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የክብደት መቀነስ ይጠየቃሉ። ሲጋራን ስትጠይቁ «ያጨሳሉ?» ብቻ አትበሉ። ጅማ ላይ «አላጨስም» ብሎ ጫት ላይ ግን የሚያጨስ ሞልቷል። «ሲቅሙስ?» ብላችሁ ጨምሩ። ሺሻንም አትርሱ።

እናቶችን ስትጠይቁ ማገዶውን ጠይቁ። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ምደባ ቤት ውስጥ የሚነድ እንጨት ጭስ «ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል የሚገመት» ከሚባሉት ተርታ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ በሞላበት ማድ ቤት ያሳለፈች ሴት «ሲጋራ አላጨሰችም» ተብሎ ብቻ አደጋ የለባትም አይባልም።

ጡት፣ ማህፀን በር፣ ኩላሊት፣ አንጀት ወይም አጥንት ላይ ካንሰር የነበረበት ሰው ከሆነ ደግሞ ከታች የምጠቅሳቸው የመጠበቂያ ጊዜዎች ለእሱ አይሠሩም። የእሱ ጉዳይ ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ይታያል።

2. ራጅ ላይ ያያችሁት ነገር እውነት ሳንባ ውስጥ ነው?

ይህን ደረጃ የዘለለ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። የደረት ራጅ ከፊት እስከ ጀርባ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ደርቦ ያሳያል። የጡት ጫፍ ኖዱል ይመስላል። የተሰበረና የዳነ የጎድን አጥንት ይመስላል። ቆዳ ላይ ያለ እባጭ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የሹሩባ ጫፍ፣ አንገት ላይ ያለ መስቀል ወይም ክታብ ሁሉም ጥላ ይጥላሉ። ማተብ ወይም ክታብ ማውለቅ የማይፈልግ ሰው ካለ አትጣሉት። ወደ ትከሻው ከፍ ተደርጎ ወይም ወደ ጎን ተስቦ ይነሳ፤ ብቻ ራጁ ላይ ይጻፍ።

ጥርጣሬ ሲኖር የሚደረገው ቀላል ነው። የጎን ራጅ አንሱ። በሁለቱም የማይታይ ከሆነ መጠራጠር ነው። የጡት ጫፍ ከመሰላችሁ ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ምልክት በፕላስተር ለጥፋችሁ ድገሙት፤ ጥላውና ምልክቱ አንድ ቦታ ከዋሉ ነገሩ አለቀ። ቆዳውንም ልብስ አስወልቃችሁ በዓይናችሁ እዩ።

በተቃራኒው ራጅ ንጹሕ መሆኑ ብዙ አያጽናናም። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ኖዱል በራጅ በቀላሉ ያመልጣል። በተለይ ከልብ ጀርባ፣ ከክላቪክል (ከአንገት ሥር በፊት በኩል አግድም ካለው አጥንት) ጀርባ ባለው የሳንባ ጫፍና ከዲያፍራም በታች በሚወርደው ክፍል የተደበቀ። በሌላ በኩል አንዲት 5 ሚሊ ሜትር የሆነች ጠብታ በራጅ ቁልጭ ብላ ከታየች ካልሲየም ያላት ልትሆን ትችላለች፤ ለስላሳ ሥጋ በዚያ መጠን እንዲያ አይጎላም።

3. ሲቲ ስካኑን በትክክል እዘዙ

ኖዱል ለመለየት ዋናው መሣሪያ ሲቲ ነው። ግን «ሲቲ ደረት» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሦስት ነገር ጻፉ።

አንደኛ፣ ስስ ቁራጭ፦ 1.5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች። በ5 ሚሊ ሜትር ቁራጭ የታየች ትንሽ ኖዱል ከጎኗ ካለው አየር ጋር ትቀላቀላለች። ካልሲየሟ ይጠፋል፣ ጠንካራዋ እንደ ጭጋግ ትመስላለች። ማሽኑ ስስ ቁራጭ መሥራት እየቻለ በወፍራሙ ብቻ መታተሙ የተለመደ ነው። የራጅ ባለሙያውን አነጋግሩት፤ ይሠራላችኋል።

ሁለተኛ፣ ኮንትራስት (በደም ሥር ተሰጥቶ ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ያስፈልጋል ወይ? ኖዱልን ለመለካትና ለመከታተል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የደረት መሃል ንፍፊቶችን ለማየት ወይም ካንሰር ተጠርጥሮ ስርጭቱን ለማወቅ ሲፈለግ ነው። ያለ ኮንትራስት ሲሆን ዋጋውም ይቀንሳል፣ ኩላሊትም ያርፋል። ደግሞ ካልሲየምን በግልጽ ለማየት ኮንትራስት ያልገባበት ምስል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ለክትትል ከሆነ ዝቅተኛ ጨረር ጠይቁ። የተለመደ የደረት ሲቲ 7 ሚሊ ሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን ዝቅተኛው 1.5 አካባቢ ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ገደማ ነው። በሁለት ዓመት ሦስቴ ለሚነሳ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከዚያ ሲዲውን ተቀበሉ። የታተመው ፊልም ላይ ያለው ምስል የተመረጠና ያነሰ ነው። በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም የተላከ የፊልም ፎቶ ደግሞ ለምንም አይሆንም፤ ሰው ላለማስቀየም ብላችሁ እንኳ በእሱ ላይ ውሳኔ አትስጡ።

4. ለኩት

ኮምፒውተሩ ላይ የሳንባ ዊንዶው (ሳንባን አጉልቶ የሚያሳየውን የብርሃን ማስተካከያ) አድርጉ። ኖዱሏ ትልቅ ሆና የምትታይበት ቁራጭ ላይ ረጅሙን ስፋት ለኩ፣ በዚያው ቁራጭ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠውን አጭሩን ለኩ፣ አማካያቸውን ውሰዱ። ወደ ሙሉ ሚሊ ሜትር አጠጋጉ። ማስመሪያ ፊልም ላይ ማድረግ የለም፤ ፊልሙ ሲታተም ምስሉ አንሷል።

መጠን ብዙ ይናገራል። ከ6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነች ኖዱል ካንሰር የመሆን ዕድሏ ከ1 በመቶ በታች ነው። ከ6 እስከ 8 ከሆነ 1 ወይም 2 በመቶ አካባቢ ነው። ከ8 በላይ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከ20 ሚሊ ሜትር ካለፈ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ካለመሆኑ ሊበልጥ ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ቲቢ ብዙም ከሌለባቸው አገሮች ጭምር መሆኑን አትርሱ። እኛ ጋ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቲቢ እብጠት እንግዳ ነገር አይደለም።

5. ጥግግቱ ምን ዓይነት ነው?

ኖዱል በሦስት መልክ ይመጣል። ጠንካራ፦ ከኋላው ያለውን የደም ሥር ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ግራውንድ ግላስ፦ እንደ ስስ ጭጋግ ሆኖ የደም ሥሩን የሚያሳይ። ድብልቅ፦ ጭጋግ መሃል ጠንካራ ነገር ያለበት።

ከሦስቱ በጣም የሚያሰጋው ሳይጠፋ የቆየ ድብልቅ ነው። «ሳይጠፋ የቆየ» የሚለውን አስምሩበት። ጭጋጉ በኢንፌክሽንም ይመጣል፣ በጥቂት ደም መፍሰስም ይመጣል፤ በወራት ውስጥ ድምጥማጡ ይጠፋል። ስለዚህ ድብልቅ ሲታይ መጀመሪያ የሚደረገው ከ3 እስከ 6 ወር ቆይቶ መድገም ነው። ጠንካራው ክፍል ብቻውን ይለካ፤ የአደጋው ልክ የሚታወቀው በእሱ ነው።

6. ውስጡን ፈትሹ፦ ካልሲየምና ስብ

በምስል ብቻ «ደህና ነው፣ ተወው» ለማለት ድፍረት የሚሰጡ ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ዋናዎቹ እዚህ ናቸው። ስለዚህ አትቸኩሉ።

ሲቲ እያንዳንዱን ነጥብ በሃውንስፊልድ ቁጥር ይለካል። አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፣ ውኃ ዜሮ ነው። ስብ ከዜሮ በታች ከ40 እስከ 120 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከ200 በላይ ከሆነ ካልሲየም ነው ማለት ይቻላል።

ካልሲየም መኖሩ ብቻ ግን ዋስትና አይደለም። አቀማመጡ ነው ቁም ነገሩ። አራት ዓይነት አቀማመጦች ደህና ናቸው። ኖዱሏን ሙሉ በሙሉ የሞላ፤ ልክ መሃሏ ላይ የተቀመጠ፤ ቀለበት በቀለበት የተደራረበ፤ እና እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የድሮ ኢንፌክሽን፣ እኛ ጋ በአብዛኛው የቲቢ፣ ጠባሳ ናቸው። ፈንዲሻው ሐማርቶማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው።

የሚያሰጋው ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ካልሲየም ወይም እንደ አሸዋ የተበተነ ነው። ለምን መሰላችሁ? ካንሰር ሲያድግ አጠገቡ የነበረን የድሮ ጠባሳ ውጦ ሊይዘው ይችላል፤ ያኔ ካልሲየሙ ዳር ላይ ይቀራል። ካንሰሩ ራሱም የተበተነ ካልሲየም ሊሠራ ይችላል። የአጥንት ካንሰር የነበረበት ሰው ላይ ደግሞ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም። ወደ ሳንባው የተሰራጨው ራሱ አጥንት ስለሚሠራ ሙሉ ካልሲየም መስሎ ይታያል።

ስብም ጥሩ ዜና ነው። ዳሯ ለስላሳ ሆኖ ውስጧ ስብ ያለባት ኖዱል ሐማርቶማ ናት ማለት ይቻላል። ልኬቱን ግን በስስ ቁራጭ፣ መሃሏ ላይ ትንሽ ክብ አድርጋችሁ ውሰዱ። ክቡ ዳሩን ከነካ አየር ይቀላቀልና ስብ ያለ ያስመስላል። የኩላሊት ካንሰር ታሪክ ካለ እንዲህ ባለ ስብ አትዘናጉ።

ውስጧ ባዶ ከሆነስ? የግድግዳውን ውፍረት ለኩ። በጣም ወፍራም በሆነው ቦታ 4 ሚሊ ሜትር ወይም በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም። ከ15 በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ነው። በመሃል ያለው በምስል አይለይም።

ውስጧ እንደ ውኃ ከሆነ፣ ግድግዳዋ ለስላሳ ከሆነ፣ በተለይ ታካሚው ከብትና ውሻ አብረው ከሚውሉበት የአርብቶ አደር አካባቢ ከመጣ የሃይዳቲድ ፈሳሽ ከረጢትን አስቡ። መርፌ ለመስደድ አትቸኩሉ፤ ፈሳሹ ከወጣ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

7. ዳሩን እዩ

ዙሪያዋን እንደ እሾህ ጨረር ያወጣች ኖዱል የካንሰር ዕድሏ ከፍ ይላል። ጉብ ጉብ ያለች ደግሞ መካከለኛ ናት። ለስላሳ ዳር ወደ ደህናው ያጋድላል፤ ነገር ግን ከካንሰሮቹ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ዳሩ ለስላሳ ነው። ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር እንዲያውም ልሙጥ ክብ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ በተለይ ብዙ ሆነው፣ መጠናቸው የተለያየ፣ ወደ ታችኛው ሳንባ የበዙ ከሆኑ።

እሾህም ቢሆን ማረጋገጫ አይደለም። የቲቢ ጠባሳ ሲኮማተር ዙሪያውን ይስባል፤ እሾህ ያወጣ ይመስላል።

አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ሳንባን ከሚከፋፍለው ስስ መስመር ጋር የተጣበቀች፣ ሦስት ማዕዘን ወይም ጠፍጣፋ የምትመስል፣ ዳሯ የተቆረጠ ያህል ለስላሳ የሆነች ትንሽ ጠንካራ ኖዱል ብዙ ጊዜ ሳንባ ውስጥ ያለች ተራ ንፍፊት ናት። ሰውየውን አታስጨንቁት።

አንድ የሚያስፈራም አለ። ወደ ኖዱሏ የሚገባና የሚወጣ ወፍራም የደም ሥር ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የተወሳሰበ የደም ሥር ልትሆን ትችላለች። መርፌ ከገባባት መድማቱ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

8. ጎረቤቶቿን እዩ፦ ቲቢ ወይስ ካንሰር?

ጅማ ላይ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢም ካንሰርም የላይኛውን ሳንባ ይወዳሉ። ፈረንጅ አገር የተጻፈው መጽሐፍ «የላይኛው ክፍል ላይ ከሆነ ካንሰርን ጠርጥር» ይላል። እኛ ጋ ይህ ምልክት ብቻውን ብዙ ዋጋ የለውም።

ወደ ቲቢ የሚያጋድለው ይህ ነው፦ በዋናዋ ኖዱል ዙሪያ የተበተኑ ጥቃቅን ጠብታዎች፣ በትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ጫፍ ላይ እንደ ቡቃያ ቅርንጫፍ የሚታዩ ነገሮች፣ ከጎኗ የድሮ ጠባሳና የተሳበ ሳንባ፣ ካልሲየም ያለባቸው ንፍፊቶች፣ ወይም ኮንትራስት ሲሰጥ ዳራቸው ብቻ የሚበራ መሃላቸው የሞተ ንፍፊቶች። ወደ ካንሰር የሚያጋድለው ደግሞ ብቻዋን መቀመጧ፣ እሾህ ማውጣቷ፣ ዙሪያዋ ንጹሕ መሆኑ፣ የጎድን አጥንት መብላቷ፣ በአንድ ወገን ንፍፊት መኖሩ ነው።

አክታ ለጂን ኤክስፐርት ይላክ። የቲቢን ባክቴሪያ በዘረመሉ የሚለይ ምርመራ ነው፤ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አሉታዊ ውጤት ቲቢን አያስቀርም፤ ተዘግታ የተቀመጠች የቲቢ ኖዱል ወደ አክታ ባክቴሪያ ላታወጣ ትችላለች። አዎንታዊ ውጤትም ካንሰርን አያስቀርም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ በጠባሳ ውስጥ ካንሰር የሚነሳበትም ጊዜ አለ።

እኔ የምለው ይህን ነው። በላብራቶሪ ሳይረጋገጥ በምስል ብቻ የቲቢ መድኃኒት ከጀመራችሁ በዚያው ቀን የሚቀጥለውን ምስል ቀጠሮ ስጡ። የመጀመሪያው የሁለት ወር ክፍል ሲያልቅ ድጋሚ ይታይ። ከቀነሰች ጥሩ። ባለችበት ካለች መልስ አይደለም፤ የቲቢ እብጠት ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ክትትሉ ይቀጥል። መድኃኒት በትክክል እየተወሰደ ካደገች ግን ናሙና ይወሰድ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በቅርቡ የጀመረ ሰው ላይ ቲቢው ለጊዜው ሊባባስ ስለሚችል እሱን ለይታችሁ እዩ። «ስድስት ወሩን ይጨርስና እናያለን» ማለት ግን ይቅር።

9. የድሮውን ፊልም ፈልጉ

የጠንካራ ኖዱል ትልቁ ምስክር ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተለወጠች ጠንካራ ኖዱል ደህና ናት ተብሎ ክትትሉ ይቆማል። ግራውንድ ግላስ ግን እንዲህ አይደለም፤ ካንሰሩ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ አምስት ዓመት ይጠበቃል።

ታካሚን «የድሮ ራጅ አለዎት?» ብላችሁ ብትጠይቁ «የለም» ይላችኋል። ዘርዝሩላቸው።

«አባባ፣ ከዚህ በፊት ደረትዎን ራጅ ተነስተው ያውቃሉ?»
«ኧረ የለም ልጄ።»
«ለሥራ ቅጥር? ከኦፕሬሽን በፊት? ሳል ይዞዎት?»
«እሱማ፣ ያኔ ቲቢ ታክሜ ነበር። ፊልሙ ሳጥን ውስጥ ይኖራል።»

እሱ ነው የምንፈልገው! አረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ደግሞ ከመሄዳቸው በፊት ለጤና ምርመራ ደረታቸውን ራጅ ተነስተዋል። ለሆድ ተብሎ የተነሳ ሲቲም የሳንባን የታችኛውን ክፍል ስለሚያሳይ አትናቁት።

ስታወዳድሩ ከቅርቡ ጋር ብቻ አይሁን፤ ካለው ሁሉ በጣም ከቆየው ጋር አወዳድሩ። ቀስ ብላ የምታድግ ኖዱል ከስድስት ወር በፊቱ ጋር ስትታይ ምንም ያልተለወጠች ትመስላለች።

ኖዱል ክብ ስለሆነች ስፋቷ ትንሽ ሲጨምር ይዘቷ (ቮልዩሟ) ብዙ ይጨምራል። ስፋቷ በ26 በመቶ ሲጨምር ይዘቷ እጥፍ ሆኗል። ከ8 ወደ 10 ሚሊ ሜትር መሄድ «2 ሚሊ ሜትር ብቻ» ይመስላል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጠንካራ የሳንባ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 400 ቀን ባለው ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በወር ባልሞላ ጊዜ እጥፍ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው የሚጠረጠረው። ከ400 ቀን በላይ ከፈጀ ወደ ደህናው ያጋድላል። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ልዩነት ግን የመለኪያ ስህተት ሊሆን ስለሚችል አድጋለች አትበሉ።

አሁን የእኛ አገር ልዩ ችግር። ማሽኑ ቀን የሚያትመው በፈረንጅ ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው በኢትዮጵያ ነው። ካርዱ «ጥር 2015» ይላል፤ አዲሱ ሲቲ ላይ 2025 ተጽፏል። ዝም ብሎ የቀነሰ ሰው «10 ዓመት አልተለወጠችም፣ ደህና ናት» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ጥር 2015 በፈረንጅ 2023 መጀመሪያ ስለሆነ የቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሁለቱንም ወደ አንድ አቆጣጠር ሳትመልሱ አትቀንሱ። በሪፖርቱ ላይም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ።

10. ወስኑ

ብዙ ቦታ የሚሠራበት የፍላይሽነር ማኅበር (ዓለም አቀፍ የደረት ምስል ባለሙያዎች ማኅበር) የ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያ ነው። የሚሠራው ከ35 ዓመት ጀምሮ፣ የታወቀ ካንሰር ለሌለበት፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ላልተዳከመ ሰው ነው። ስለዚህ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ከዚህ ውጭ ነው።

አንድ ጠንካራ ኖዱል ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነችና ሰውየው አደጋ ከሌለበት ክትትል አያስፈልግም። አጫሽ ከሆነ ወይም ሌላ አደጋ ካለበት በ12 ወር አንዴ ማየት ይቻላል። ከ6 እስከ 8 ከሆነች ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ይደገም፤ እንደ አደጋው ልክ ከ18 እስከ 24 ወር ላይ ሌላ ሊጨመር ይችላል። ከ8 በላይ ከሆነች በ3 ወር መድገም፣ ወይም ፔት ስካን፣ ወይም ናሙና። ግራውንድ ግላስ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ይታያል፤ ካለ በየሁለት ዓመቱ እስከ አምስት ዓመት። ድብልቅም 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ3 እስከ 6 ወር ታይቶ፣ ካልተለወጠና ጠንካራው ክፍሉ ከ6 በታች ከሆነ በየዓመቱ እስከ አምስት ዓመት።

ስለ ፔት አንድ ቃል። ስኳር የሚበላውን ሕዋስ ነው የሚያበራው። ቲቢም ስኳር ይበላል። ስለዚህ ቲቢ በበዛበት አገር «በራ፣ ስለዚህ ካንሰር ነው» አይባልም። ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ላለችም አይመከርም። ፔት አላገኘንም ብላችሁ ብዙ አትቆጩ።

የኮንትራስት ሙከራ ግን በማንኛውም ሲቲ ሊሠራ ይችላል። ካልሲየም የሌላት፣ መሃሏ ያልሞተ፣ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነች ጠንካራ ኖዱል ላይ ከኮንትራስቱ በፊትና በኋላ ሃውንስፊልዱ ይለካል። ጭማሪው ከ15 በታች ከሆነ ካንሰር የመሆን ዕድሏ በጣም ዝቅተኛ ነው። ከ15 በላይ መሆኑ ግን ብዙ አይናገርም፤ በቲቢም በሌላ ቁስለትም ይጨምራል።

ናሙና ከተወሰነ በሲቲ እየታየ በመርፌ፣ ወይም ወደ መሃል ለቀረበችው በብሮንኮስኮፒ (በአየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ) ይወሰዳል። በመርፌው አየር ወደ ደረት ገብቶ ሳንባው ሊኮማተር ይችላል፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ስለዚህ ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ሊሙ የሚመለስ አውቶቡስ ላይ አይሳፈር። ተኝቶ ይጠበቅ፣ ራጅ ይደገም።

ናሙናው ለሁለት ይከፈል። አንዱ ፎርማሊን ውስጥ ሆኖ ወደ ፓቶሎጂ። ሌላው በኖርማል ሳላይን ሆኖ ለቲቢ ጂን ኤክስፐርትና ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለማየት)። ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ ከከተታችሁ ካልቸሩ አለቀለት። ውጤቱ «ልዩ ያልሆነ ቁስለት» ብሎ ከመጣም ደህና ናት ማለት አይደለም። መርፌው ዒላማውን ስቶ ይሆናል። ደህና የሚባለው ቲቢ ወይም ሐማርቶማ ተብሎ በስሙ ሲጠራ ነው።

11. ቀጠሮና ሪፖርት

«በስድስት ወር ተመለሱ» ብሎ መሸኘት አይሠራም። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉላቸው። የቡና ገበሬ ከሆነ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የለቀማ ጊዜ ላይ አትቅጠሩት፤ አይመጣም። ጥር ላይ አድርጉት፤ ያኔ እጁም ገንዘብ ይይዛል። ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ የ6 ሚሊ ሜትር ኖዱል ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ጨርሶ አለመምጣቱ ነው የሚጎዳው። ሲዲውን ቤት እንዲያስቀምጥ፣ ሲመጣ እንዲይዘው ንገሩት። የአማርኛ ችግር ካለበት በአፋን ኦሮሞ የሚያስረዳ ሰው ይኑር።

ሪፖርቱ ደግሞ ቀጥሎ ለሚያነበው ሐኪም መልስ ይስጥ። «ኖዱል ታይቷል፣ ከሕመሙ ጋር ያገናዝቡ» የሚል ሪፖርት ምንም አይረዳም። እንዲህ ብትጽፉት ይሻላል፦

«በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል የኋላ ወገን 9 ሚሊ ሜትር ጠንካራ ኖዱል። ዳሩ ጉብ ጉብ ያለ፣ እሾህ የለውም። ካልሲየምም ስብም የለውም። በዙሪያው ጥቃቅን ጠብታዎችና የድሮ ጠባሳ አሉ። የደረት መሃል ንፍፊት አልበዛም። ከጥር 2015 ዓ.ም. ራጅ ጋር ሲታይ ያኔ አይለይም፤ ራጁ ግን በዚህ መጠን ላያሳይ ይችላል። ቲቢ ይቀድማል፣ ካንሰር አልተወገደም። አክታ ለጂን ኤክስፐርት ይላክ። በ3 ወር ያለ ኮንትራስት፣ በዝቅተኛ ጨረር፣ በስስ ቁራጭ ሲቲ ይደገም። ከ2 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ከጨመረ ናሙና ይወሰድ።»